እጀታው የጠራው ጉልበት

ቶሮንቶ እስክመጣ ድረስ የአሳማ መንጋጋ ነክቼ አላውቅም ነበር። ለጥርስ ማውለቅ ልምምድ ግን ጥሩ ነው፤ አጥንቱ አጥንት፣ ድዱም ድድ ነው፤ እንደ ፕላስቲክ ሞዴል አያሞኝም። እናቴ ብታየኝ ቀጥታ ጠበል ነበር የምትወስደኝ። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ሐኪሞቹ አዲስ መሣሪያ ሲሞክሩ የእኔ ድርሻ ማውለቅ አልነበረም፤ ከክርናቸው አጠገብ ቆሜ እጃቸውን ማየት ነበር።

መሣሪያው ቀጭን ስለት ነው። ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ሚስማር አልተመታም፤ በሥሩና በአጥንቱ መካከል ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰች ክፍተት አለች፣ እሷም ጥርሱን በያዙት ክሮች የተሞላች ናት። ስለቱ እዚያ እየገባ ክሮቹን ይቆርጣል፤ ጥርሱ ይላላል፣ አጥንቱ ይተርፋል። የለመድነው ኤሌቬተር የሚባለው መሣሪያ ግን መፈንቀያ ነው። በዚህ ስለት መፈንቀል በካራ ቆርቆሮ እንደ መክፈት ይሆናል። መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ሁሉም አንብበውታል።

አንዱ ሐኪም በሥራው ላይ 30 ዓመት አልፎታል። የታችኛውን መንጋጋ ጥርስ ይዞ መጀመሪያ በደንብ ሄደ፤ ገፋ፣ ወዝወዝ አደረገ፣ ገፋ። ጥርሱ እምቢ ሲለው ከጎን የነበረው አውራ ጣቱ ወደ እጀታው አናት ወጣ፣ ክርኑ ከጎድኑ ተላቀቀ፣ አንጓው ዞረ። ቀጭ! የስለቱ ጫፍ ተሸረፈ። ሳቅ ብሎ አስቀመጠውና ቅጹን ሞላ።

ቅጹ ጆን ብሩክ የተባለ ሰው በ1986 እ.ኤ.አ. ለኮምፒውተር ሥርዓቶች የአጠቃቀም ቅለት መለኪያ እንዲሆን ያዘጋጀው ነው። 10 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ መልሶቹ ወደ ነጥብ ተቀይረውና ተደምረው በ2.5 ሲባዙ ውጤቱ ከ100 ይወጣል፤ 68 አካባቢ መካከለኛ ይባላል። መሣሪያውን የሰበረው ሐኪም ከ80 በላይ ሰጠው። «እጀታው በጣም ይመቻል» ብሎም ከሥር ጻፈ።

ይሉኝታ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። መሣሪያውን የነደፈችው ወጣት መሐንዲስ ቡናዋን ይዛ ጥግ ላይ ቆማ ነበር፤ ማን ፊቷ ላይ «አይሆንም» ይላል? ከዚያ ወዲህ ነዳፊውን ከክፍሉ አስወጣለሁ። «ወደድከው?» ብዬም አልጠይቅም፤ «ለባልደረባህ ስታቀብለው ምን ብለህ ታስጠነቅቀዋለህ?» እላለሁ። ያን ጊዜ ሰው ይናገራል።

ነገሩ የተገለጠልኝ ግን ማታ የሙከራውን ቪዲዮ ደግሜ ሳየው ነው። ያጠፋው ያ የተወደሰው ምቾት ነው። ወፍራምና ለስላሳ እጀታ መዳፍን ሙሉ ያስጨብጣል፤ በመዳፉ የጨበጠ እጅ ደግሞ ማዞሩ አይቀርም። አዲስ አበባ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ሳለሁ ኤሌቬተራችን ቀጭን ብረት ነበር፣ መዳፍ ይቆረቁራል። አስተማሪያችን «እጅሽን ካመመሽ ጉልበት አብዝተሻል» ይሉኝ ነበር። ሕመሙ መለኪያ ነበር፤ አዲሱ እጀታ መለኪያውን አነሳው።

የጥርስ ሐኪሙ ጆን ቶምስ በ1841 እ.ኤ.አ. ስለ ጥርስ ማውለቂያ ጉጠት ሲጽፍ ትልቁ ሐሳቡ የጉጠቱ አፍ የየጥርሱን አንገት ይምሰል የሚል ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበረው «ቁልፍ» የሚባል መሣሪያ ጥርስ ከነአጥንቱ ሊሰብር ይችል ነበር። ቶምስ በጥርሱ በኩል ያለውን ጫፍ አስተካከለ። እኛ ዛሬም የምንቸገረው በዚህኛው ጫፍ፣ በእጁ በኩል ነው።

ሌላ እጅም ነበር፣ ማንም ያልጋበዘው። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ፣ ግሪንዉድ አካባቢ ካሉት የሐበሻ ቤቶች በአንዱ ቡና ስንጠጣ፣ ክሊኒክ ውስጥ ዕቃ የሚያጥቡና በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዱ አንዲት እናት ናሙናውን ከቦርሳዬ አውጥተው አገላብጠው አዩት። ጥፍራቸውን የእጀታው ጎማ ከብረቱ የሚገናኝበት ስንጥቅ ላይ አሳረፉና፣ «ዶክተርዬ፣ ይቺ ደም ትይዛለች። በምን ልፈቅፍቃት?» አሉኝ። አንድም ሐኪም ይህን አላነሳም።

ሁለተኛው ናሙና ከወራት በኋላ መጣ። ጎማው ቀርቷል፣ ሁሉም አንድ ብረት ነው። እጀታው ቀጥኗል፣ አናቱ ሾጥጧል፣ ወደ ስለቱ ጠጋ ብሎ የጣት ማሳረፊያ ተሠርቶለታል። ያው ሐኪም ያንኑ ዓይነት ጥርስ ያዘ። ጥርሱ እምቢ ሲለው አውራ ጣቱ እንደ ልማዱ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፤ የሚያርፍበት አጣና ተመልሶ ወረደ። እሱ አላስተዋለውም። ጥርሱ ወጣ፣ ስለቱም ደህና ነበር።

ቅጹ ላይ ከበፊቱ ያነሰ ነጥብ ሰጠው።