ሜርኩሪ ሳይቀንስ እንዴት «ትንሹ» ሆነ? የእንግሊዝኛው ሰንጠረዥ ሲፈተሽ

እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ ከፕላኔቶች ሁሉ ትንሹ፣ በእንግሊዝኛው «ስሞለስት»፣ ፕሉቶ ነበር። በዚያ ዓመት ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ፕሉቶን ከፕላኔቶች ዝርዝር አወጣው። «ስሞለስት» የሚለው ቅጽልም ወደ ሜርኩሪ ዞረ። ሜርኩሪ በዚያ ቀን አንድ ሜትር እንኳ አልቀነሰም። ታዲያ ምን ተቀየረ?

መልሱን ከሰዋስው መጽሐፋችሁ ብትፈልጉት የምታገኙት አንድ ሰንጠረዥ ነው፦ «ቶል፣ ቶለር፣ ቶለስት»፤ «ስሞል፣ ስሞለር፣ ስሞለስት»፤ «ጉድ፣ ቤተር፣ ቤስት»። አንደኛው ፖዘቲቭ፣ ሁለተኛው ኮምፓራቲቭ፣ ሦስተኛው ሱፐርላቲቭ ይባላል። አንዳንዴ ሥዕልም ይታከልበታል፦ ረጅም ልጅ፣ ከእሱ የሚረዝም ልጅ፣ ከሁለቱም የሚረዝም ልጅ። ይህን ያየ ተማሪ «ቶለር ከቶል ይበልጣል፣ ቶለስት ደግሞ ከቶለር ይበልጣል፤ በቃ፣ መሰላል ነው» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

ችግሩ ትርጉሙ መሰላል አለመሆኑ ነው። እስቲ በተራራ እንፈትነው። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ነው። ስለዚህ ራስ ዳሸን ከኪሊማንጃሮ «ሎወር» ነው ብንል ልክ ነን። ራስ ዳሸን «ሎው» ነው፣ ማለትም ዝቅተኛ ተራራ ነው የሚል ግን አለ? ካለ የስሜንን ተራሮች ወጥቶ ይሞክራቸው! መሰላሉ እውነት ቢሆን ኖሮ «ሎወር» የተባለ ሁሉ መጀመሪያ «ሎው» መሆን ነበረበት።

ኮምፓራቲቭ የሚሠራው ሥራ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ሁለት ነገሮችን በአንድ መለኪያ ላይ አስቀምጦ «ይኼኛው ከዚያኛው ወዲያ ነው» ይላል። ሁለቱም መለኪያው ላይ የት ቦታ እንዳሉ አይናገርም። በፈተና ከ100 20 ያመጣ ተማሪ፣ 12 ካመጣው «ቤተር» ነው። ግን ሁለቱም ወድቀዋል።

አሁን ደግሞ ቀላል የሚመስለውን የመጀመሪያውን እርከን እዩት። 1 ሜትር ከ80 የሆነ ሰው «ቶል» ሊባል ይችላል። ያው ቁመት ያለው አዋቂ ቀጭኔ ግን ድንክ ነው። «ቶል» ስንል በሆዳችን «ከመሰሎቹ ልማድ አንጻር» እያልን ነው ማለት ነው። ንጽጽሩ አለ፣ ግን ተደብቋል። የቋንቋ ሊቁ ኤድዋርድ ሳፒር ከሞተ በኋላ በ1944 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፉ ይህንኑ ነገር አንስቷል። ትልቅና ትንሽ የሚሉት ቃላት ራሳቸውን የቻሉ ይመስላሉ እንጂ ከሥራቸው «ይበልጣል፣ ያንሳል» የሚል ማመዛዘን አለ። በትርጉም ከሄድን ሰንጠረዡ መሠረት አድርጎ ያስቀመጠው ቃል ራሱ በንጽጽር ላይ የቆመ ነው።

ወደ ሜርኩሪ እንመለስ። ሱፐርላቲቭ የመጠን ቃል ብቻ አይደለም፤ የዝርዝር ቃልም ነው። ማን ዝርዝሩ ውስጥ እንዳለ ካልታወቀ «ስሞለስት» ትርጉም የለውም። በ2006 የተቀየረው ዝርዝሩ ነው። የሜርኩሪ ወገብ ስፋት፣ ከዳር እስከ ዳር፣ 4,880 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጨረቃችን 3,474 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «ትንሹ» ከጨረቃ ይበልጣል! ስለዚህ «ስሞለስት»ን «በጣም ትንሽ» ብለው የሚተረጉሙ ሰዎች ያሳስታሉ። «በጣም» የእንግሊዝኛው «ቬሪ» ነው። መጠን ያጋንናል እንጂ «ከእነማን መካከል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም።

ዝርዝሩ አንዳንዴ ከዓረፍተ ነገሩ ውጭ ይደበቃል። ሦስት ጓደኛሞች እንጦጦን፣ ዝቋላንና ራስ ዳሸንን ወጡ እንበል። ራስ ዳሸንን የወጣችው ሐና «ሃየስት» የሆነውን ተራራ ወጣች ብንል እውነት ነው ወይስ ሐሰት? ዝርዝሩ ሦስቱ ተራሮች ከሆኑ እውነት፣ የዓለም ተራሮች ከሆኑ ሐሰት። አና ሳቦልቺ የተባለች የቋንቋ ተመራማሪ በ1986 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ዓይነት አሻሚነት ከጻፈች ወዲህ ምሁራኑ እስካሁን ይከራከሩበታል። ሰንጠረዡ ግን ፍንጭ እንኳ አይሰጥም።

ሰንጠረዡን ግን ሙሉ በሙሉ አንኮንነው። ስለ ቃላት ቅርጽ ሲሆን ጠቃሚ ነው። ጆናታን ቦባልጂክ በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ብዙ ቋንቋዎችን አወዳድሮ፣ ሱፐርላቲቭ የሚገነባው በኮምፓራቲቩ ላይ መሆኑን አሳይቷል። «ቤተር» እና «ቤስት» ከአንድ ሥር መጥተው «ጉድ» ብቻውን የቀረው በአጋጣሚ አይደለም። ጥፋቱ የቅርጽን መሰላል የትርጉም መሰላል አስመስሎ ማስተማሩ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ የሚናገር ተማሪ አንድ ብልጫ አለው። የእኛ ቅጽል በንጽጽር ጊዜ መልኩን አይቀይርም። «ራስ ዳሸን ከኪሊማንጃሮ ያንሳል» እንላለን። ሥራውን የሚሠሩት ትንሿ «ከ» እና ግሡ ናቸው። ዓረፍተ ነገሩን የሰማ ማንም ሰው ራስ ዳሸን ትንሽ ነው ብሎ አይረዳም። መምህሩ ከሰንጠረዡ በፊት በዚህች «ከ» ቢጀምር ግማሹ መንገድ ያልቃል።

ነገሩ የፈተና ነጥብ ብቻ አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንስ የምትማሩት በእንግሊዝኛ ነው። አንድ አዲስ መድኃኒት «ቤተር» ነው ሲባል ከምን? ምንም ፈዋሽ ነገር ከሌለው እንክብል ነው ወይስ ዛሬ ሐኪም ከሚያዘው መድኃኒት? ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ማስታወቂያ ደግሞ «የተሻለ ሳሙና» ብሎ «ከ»ዋን ሆን ብሎ ይውጣታል።

ስለዚህ «ቤተር» ባያችሁ ቁጥር «ከምን?» በሉ፤ «ቤስት» ባያችሁ ቁጥር ደግሞ «ከእነማን መካከል?»። መልሱ እዚያው ገጽ ላይ ከሌለ፣ ጸሐፊው ንጽጽሩን ገና አልጨረሰውም።