«ኪሪኩና ጠንቋይዋ» በመቀሌ ልጆች ዓይን

አንድ የካርቱን ፊልም ለልጆች ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚለው ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚያተኩረው በሚታየው ነገር ላይ ነው፤ እርቃን አለ ወይ፣ ደም ይፈሳል ወይ፣ ጥንቆላ ይነሣል ወይ እየተባለ። ፈረንሳዊው ሚሼል ኦስሎ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1998 ለእይታ የበቃው «ኪሪኩና ጠንቋይዋ» የዚህን መመዘኛ ጎደሎነት ያጋልጣል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ፊልሙን በመቀሌ ከሚያድጉ ልጆች አኳያ ለመመዘን እሞክራለሁ።

ኦስሎ ልጅነቱን ያሳለፈው በጊኒ፣ ኮናክሪ ነው፤ ታሪኩንም የቀዳው ከምዕራብ አፍሪካ ተረት ነው። ገና በማኅፀን ሳለ የሚናገረው ኪሪኩ ራሱን ወልዶ፣ እትብቱን ራሱ ቆርጦ ይነሣና አባቱ የት እንዳለ ይጠይቃል። ካራባ የተባለችው ጠንቋይ የመንደሩን ወንዶች በልታቸዋለች፣ ምንጩንም አድርቃዋለች ይሉታል። የሴቶቹን ወርቅ በእንጨት ጣዖታቷ ታስገፍፋለች፤ ወርቋን የደበቀችው ሴት ጎጆዋ ይቃጠልባታል።

በፊልሙ ሕፃናቱ ራቁታቸውን፣ ሴቶቹም ጡታቸው ሳይሸፈን ይታያሉ። በዚህ ሳቢያ የእንግሊዝና የአሜሪካ አከፋፋዮች አመንትተው ነበር፤ ኦስሎ ግን ጡት ማስያዣ እንዲሥልላቸው የቀረበለትን ሐሳብ አልተቀበለም። እኛም ዘንድ ይህን አንሥቶ የሚቃወም ወላጅ አይጠፋም። በእኔ እምነት ጉዳዩ ብዙ አያከራክርም፤ እርቃኑ የዘወትር ኑሮ እንጂ ማማለያ አይደለም። ጥንቆላውንም ቢሆን ፊልሙ አያወድስም። ኪሪኩ ክታብ ሲለምን ጠቢቡ አያቱ ይከለክለዋል፤ ጥንካሬው ክታብ አለመያዙ መሆኑን ያስረዳዋል። ክታብ በልጆች አንገት ላይ ማሰር ለለመደ ኅብረተሰብ ይህ ደፋር አባባል ነው።

ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው። በሥነ ቃላችን፣ በአማርኛው ተረትም ሆነ በትግርኛው ጽንጽዋይ፣ ጅብ ለምን ክፉ ሆነ ተብሎ ሲጠየቅ እምብዛም አይሰማም። ጅብ ጅብ ነው፤ ልጁ የሚማረው ከእሱ ማምለጥን ነው። ኪሪኩ ግን ካራባ ለምን እንደከፋች ያገኘውን ሁሉ ይጠይቃል። መልሱን የሚሰጠው አያቱ ነው፦ ወንዶች በጀርባዋ መርዘኛ እሾህ ተክለውባታል፤ ሥቃይዋም አስማታዊ ኃይሏም የሚመነጩት ከዚያው ነው። እንዲህ ሲባል የፈጸመችው በደል አይስተባበልም፤ የተቃጠለው ጎጆ እንደተቃጠለ ነው።

በካራባ ጎጆ ጣሪያ ላይ ሁሉን የሚቃኝ ጣዖት ተቀምጧል። ለሌላ አገር ልጅ አስቂኝ አሻንጉሊት ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ በትግርኛ እየተረጎምኩ ሳሳይ ግን አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ «ድሮን» ብላ ስም አወጣችለት። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት የከተማው ልጆች ሰማዩን ማዳመጥ ተምረዋል፤ ነሐሴ 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በመቀሌ መዋዕለ ሕፃናት በአየር ጥቃት መመታቱን ዩኒሴፍ አውግዟል። ይሁንና ልጆቹ በጣዖቱ አልተሸበሩም። ኪሪኩ ከመሬት በታች እየተሳበ ከዓይኑ ሲሰወር ሳቁ። ፍርሃታቸው ሊያታልሉት የሚችሉት ነገር ሆኖ ታያቸው። ስለዚህ «ያስፈራል» ብቻ ብሎ ፊልሙን መከልከል ተገቢ አይመስለኝም።

የእኔ ቅሬታ በፍጻሜው ላይ ነው። (ኪሪኩ በካራባ መሳም በቅጽበት ጎልማሳ መሆኑን እንኳ የተረት ነገር ብዬ አልፈዋለሁ።) ኪሪኩ እሾሁን በጥርሱ ነቅሎ ካራባን ወደ መንደሩ ሲያመጣት ሕዝቡ ሊበቀላት ይነሣል። ይህ በፊልሙ ውስጥ ትልቁ ጥያቄ ነው፤ ባሎቻቸውን ያጡ ሴቶች ምን ይበሉ? መልሱ ሳይሰጥ ከበሮ ይሰማል። ወንዶቹ ለካስ አልተበሉም፤ ወደ ጣዖትነት ተለውጠው ነበር፤ አሁን ሰው ሆነው ተመልሰዋል። ማንም ያልሞተበት ዕርቅ ቀላል ነው። ተረት በደስታ የመፈጸም መብት አለው ሊባል ይችላል። ነገር ግን «ለምን» ሳይል የማያልፍ ገጸ ባሕርይ የፈጠረ ፊልም፣ በጣም ከባዱ ጥያቄ ላይ ሲደርስ የራሱን ሕግ አፍርሷል።

ልጆቹ ይህን ሳያስተውሉ አልቀሩም። አንዱ ሁሉም መመለሳቸውን ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ።

ከሰባት ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች፣ ትልቅ ሰው አብሯቸው ተቀምጦ የሚያዩት ከሆነ፣ ፊልሙ ይስማማል እላለሁ። አባቱ ከጦርነቱ ላልተመለሰለት ልጅ ግን ቤተሰቡ እውነቱን ሳይነግረው በፊት አላሳየውም።