ለውሻ አፍ የተቀረጸ ፊደል

ፊደል ልብስ ነው። ቃል የቱንም ያህል ቢከብር፣ የማይመጥነውን ከለበሰ በአንባቢ ፊት ይቀላል። ኮሚክ ሳንስ በተባለው የላቲን ፊደል ላይ የሚወርደው ፌዝ መነሻው ይኸው ነው። ፌዙ ግን ለከት አጥቷልና እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

እ.ኤ.አ. በ1994 ማይክሮሶፍት «ቦብ» የተሰኘ፣ ለኮምፒዩተር ጀማሪዎች የታሰበ ፕሮግራም ያዘጋጅ ነበር። በፕሮግራሙ አንድ የካርቱን ውሻ ተጠቃሚውን እየመራ ይናገራል። ንግግሩ የሰፈረው ግን በታይምስ ኒው ሮማን፣ በጋዜጣ ፊደል ነበር። ይህ ለፊደል ቀራጩ ለቪንሰንት ኮኔር አልተዋጠለትም። ውሻ እንደ ርዕሰ አንቀጽ አይናገርማ! ስለዚህ የሥዕል ታሪክ መጽሔቶችን ገልጦ፣ በእጅ የተጻፈ የሚመስል ፊደል ቀረጸ። ፊደሉ ለ«ቦብ» አልደረሰም፤ በዊንዶውስ 95 ዘመን ግን ከማይክሮሶፍት ፕሮግራሞች ጋር ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ለውሻ አፍ የታሰበው ፊደል በማስጠንቀቂያ ሰሌዳና በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ይታይ ጀመር። ሁለት አሜሪካውያን ዲዛይነሮች «ይታገድ» የሚል ዘመቻ እስከ መክፈት ደረሱ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2012 ፋቢዮላ ጂያኖቲ በሰርን የሂግስ ቦዞንን ግኝት ሲያበስሩ፣ ማብራሪያቸው በኮሚክ ሳንስ በመጻፉ ብዙ ሰው ግኝቱን ትቶ በፊደሉ ሳቀ።

በእኔ ሚዛን ፊደሉ ደካማ ነው፤ ድክመቱ ግን ቀልደኛነቱ አይደለም። እጅ አንድን ፊደል ሁለት ጊዜ አንድ አድርጎ አይጽፍም። በመቃ ብዕር ብራና ላይ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ እንኳ፣ ያን ያህል ተጠንቅቆ፣ አንዱ «ሀ» ከሌላው በጥቂቱ ይለይበታል። ኮሚክ ሳንስ ግን ሺህ ጊዜ ቢጻፍ ያው ነው። የእጅን ቅርጽ ወስዶ የእጅን ትንፋሽ ትቶታል።

ያም ሆኖ ፌዘኞቹ አንድ ነገር ዘንግተዋል፤ ፊደሉ ለማን እንደሚበጅ አልጠየቁም። የብሪታንያ የዲስሌክሲያ ማኅበር ማንበብ ለሚከብዳቸው ሰዎች ከጠቆማቸው ፊደላት አንዱ ይኸው የተናቀው ነው። በመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ላይም ማንንም አያስቀይምም። እንግዲህ ጥፋቱ ከቀራጩ ይልቅ ያለ ቦታው የዶለው ሰው ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ የኮምፒዩተር ቅርጾቹ ተበራክተዋል። ምርጫው አለ፤ መራጭ ዓይን ግን አለን ወይ? የሠርግ ጥሪና የሐዘን መግለጫ በአንድ ፊደል ታትመው ስናይ ስንቶቻችን ቅር ይለናል? ፈረንጆቹ በአንድ የውሻ ፊደል ይህን ያህል መጨቃጨቃቸው ሊያስቀን አይገባም፤ ሊያስቀናን እንጂ። የሚጨቃጨቅ ሰው ቢያንስ አይቷልና።