ቁጥሩ ከየት ይጀምራል?

አቴንስ ዳር ያለው የአሊሞስ ወደብ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መተላለፊያ የለውም። ሳምንቱን በኪራይ የሰነበቱት የሸራ ጀልባዎች ተጸድተው ለአዲስ ተከራይ የሚሰጡት ያን ጊዜ ነው። የአከራዩ ሠራተኛ ስለ ምድጃው፣ ስለ መጸዳጃው ፓምፕ፣ ስለ መልህቁ ሞተር በዝርዝር ያስረዳል። መሪው ፊት ያሉት ስክሪኖች ዘንድ ሲደርስ ግን «ይሄ ጂፒኤስ፣ ይሄ ጥልቀት፣ ሁሉም ይሠራል» ብሎ ያልፋል። እውነቱን ነው፣ ይሠራል። እኔን የሚያሳስበኝ ያለፈው ተከራይ ምን ነካክቶ እንደሄደ ነው።

ጥልቀት መለኪያውን እንይ። ከጀልባዋ ሆድ ሥር የተገጠመው መሣሪያ ድምፅ ወደ ታች ይልካል። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ማሚቶው እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ አስልቶ ቁጥር ያወጣል። ስክሪኑ 2.5 ሜትር አለ እንበል። ከምን ጀምሮ? ከውሃው ገጽ ከሆነ፣ ከሆዷ ሥር የሚወርደው ክንፍ፣ ኪሏ፣ 2 ሜትር ለሚጠልቅ ጀልባ የቀረው ግማሽ ሜትር ብቻ ነው። ከኪሉ ጫፍ ከሆነ ደግሞ ተረጋግቶ ቡና ማፍላት ይቻላል። ከመሣሪያው ከራሱ ከሆነ መልሱ በሁለቱ መካከል ይውላል። ሦስቱም ትክክለኛ ልኬት ናቸው፤ ስክሪኑ ላይ ግን አይለዩም። ባለሱቁ ስኳሩን ሲመዝን ዕቃውን ቆጥሮ ይሁን ሳይቆጥር ካላየህ፣ ሚዛኑ ልክ መሆኑ ብቻውን ምን ይጠቅምሃል?

ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ማየት ይቻላል። ሆኖም እዚያ የሚገኘው አንድ የማላውቀው ሰው ያስገባው ቁጥር ነው። ስለዚህ ከወደቡ ሳልወጣ ገመድ ላይ ክብደት ያለው ነገር አስሬ በጀልባዋ ጎን እጥላለሁ፤ መሬት ሲነካ የረጠበውን እለካና ከስክሪኑ ጋር አስተያየዋለሁ። እኩል ከሆኑ ቆጠራው ከውሃው ገጽ ነው፤ ስክሪኑ በ2 ሜትር ካነሰ ከኪሉ ነው። ጥቂት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው። አንዳንዱ ሠራተኛ ይስቃል። ይሳቅ።

ነፋስ መለኪያውም ያው ጣጣ አለበት። በሐምሌና በነሐሴ ኤጅያን ባሕር ላይ ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ይነግሣል። 20 ኖት ነፋስ ከኋላ እየገፋህ በ7 ኖት ስትሄድ፣ የምሰሶው ጫፍ ላይ ያለው መሣሪያ የሚሰማው 13 ብቻ ነው። ሸራው ሙሉ፣ ሰው ሁሉ ደስተኛ። ከዚያ ወደ ወደቡ ለመግባት ፊትህን ወደ ነፋሱ ስታዞር ቁጥሩ 25 አካባቢ ይደርሳል፤ ሸራው ላይ የሚያርፈው ጉልበት ደግሞ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ነፋሱ ግን ያው የቅድሙ ነው። ስክሪኑ የሚያሳየው በጀልባዋ ላይ የሚሰማውን ይሁን የባሕሩን ትክክለኛ ነፋስ ያላጣራ ሰው ሸራውን የሚቀንሰው ከረፈደ በኋላ ነው።

ስለ አቅጣጫ ብዙ አልልም። ግሪክ ውስጥ የኮምፓሱ ሰሜን ከካርታው ሰሜን አምስት ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ አውቶፓይለቱ የትኛውን እንደያዘ መጠየቅ ነው። የአውቶፓይለቱ ኮምፓስ ብዙ ጊዜ ከአንዱ አልጋ ሥር ይቀመጣል። እዚያው የቆርቆሮ ምግብ ያጨቀ እንግዳ ካለ ብረቱ ኮምፓሱን ያዛባና ጀልባዋ ቀስ ብላ መንገድ ትስታለች።

የስክሪኑ ካርታ ላይ ግን መቆም ያስፈልጋል። በኅዳር 2014 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ዓለምን በሚዞረው የቮልቮ ውድድር ላይ የነበረችው ቬስታስ ዊንድ የተባለች ጀልባ ከሞሪሺየስ ሰሜን ምሥራቅ ካርጋዶስ ካራሆስ በሚባሉት ሪፎች ላይ በሌሊት ተሰቀለች። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ባለሙያዎቹም ተራ ሰዎች አልነበሩም። ካርታውን በበቂ ሁኔታ አጉልተው ስላላዩት ሪፎቹ አደጋ ሆነው አልታዩም። ደግነቱ ሁሉም በሕይወት ተረፉ። ስለዚህ መንገድ ካሰመርኩ በኋላ ካርታውን አጉልቼ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ እከተለዋለሁ፤ አሰልቺ ነው፤ ለሌላ ሰው አልተወውም።

«ወደ ወረቀት እንመለስ» የሚሉ አሉ። አልስማማም። የድሮ የወረቀት ካርታም የራሱ መነሻ አለው፤ ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት ጋር ከመቶ ሜትር በላይ ሊለያይ ይችላል። ይልቅ ሁለተኛ ምስክር መያዝ ይሻላል። ከ2023 መጨረሻ ወዲህ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን የጂፒኤስ ምልክት እየተጭበረበረ፣ ባሕር ላይ ያሉ መርከቦች ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ የቆሙ መስለው ታይተዋል። በእጅ ኮምፓስ የአንድ ፋኖስ ማማና የአንድ ደሴት ጫፍ አቅጣጫ ማንበብ የሚችል ሰው እንዲህ ያለው አያታልለውም።

የመልህቅ ማንቂያውም ያው ጥያቄ አለው። ማንቂያው ክብ ይሠራል፤ ጀልባዋ ከክቡ ስትወጣ ይጮኻል። የክቡ እምብርት መልህቁ ያረፈበት ቦታ መሆን አለበት። ፖሮስ ደሴት፣ ሩሲያ ወሽመጥ ውስጥ የሚያድረው ብዙ ሰው ግን 40 ሜትር ሰንሰለት ለቅቆ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ ራቱን ከበላ በኋላ ነው የሚያበራው፤ ያን ጊዜ እምብርቱ ጀልባዋ ራሷ ትሆናለች። ሌሊት ነፋሱ ሲዞር ጀልባዋ ወደ መልህቁ ማዶ 80 ሜትር ያህል ትሄዳለች፤ መልህቁ ንቅንቅ ሳይል ማንቂያው ይጮኻል፤ እንቅልፍ ያጣው ሰው ያጠፋዋል፤ ከዚያ በኋላ መልህቁ ቢነቀል የሚናገር የለም። በእኔ ጀልባ መሪ የያዘው ሰው የማንቂያውን ቁልፍ የሚጫነው፣ ከፊት ሰንሰለት የሚለቀው «ነካ!» ሲለው ነው። የጂፒኤሱ አንቴና ከኋላ ከሆነ ደግሞ የጀልባዋ ርዝመት በክቡ ላይ ይጨመራል።