ስለሚያወላውል ፈተና

በኮምፒዩተር ከርነል ውስጥ ከሚከናወኑት ብዙ ሥራዎች መካከል ለፈተና ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ የሆነው የኔትወርኩ ሥራ ነው የሚለው እምነት፣ ይህን ሙያ ከያዝሁ ጀምሮ እየጸናብኝ ሄዷል። ሜሞሪን ለፕሮግራሞች የሚያድለው ክፍል ወይም ፋይልን በዲስክ ላይ የሚጽፈው ክፍል ጉዳዩን የሚፈጽመው በራሱ ሥልጣን ሥር ባለ ነገር ላይ ስለ ሆነ፣ የሚሰጠውን ሰጥቶ የሚመልሰውን በማየት መመርመር ይቻላል፤ የኔትወርኩ ክፍል ግን የሚነጋገረው ጠባዩንም ሐሳቡንም ከማያውቀው ሩቅ ወገን ጋራ፣ ያውም ፓኬቶች በሚጠፉበት፣ በሚደገሙበትና ቅደም ተከተላቸው በሚዛባበት መንገድ በኩል ስለ ሆነ፣ የመልሱ ትክክለኛነት በይዘቱ ብቻ ሳይሆን በተላከበት ቅጽበትም ይመዘናል። በ300 ሚሊሰከንድ ሲደገም ትክክል የሆነው ፓኬት፣ በውስጡ ያለው ባይት ሁሉ ሳይለወጥ፣ በ30 ሚሊሰከንድ ቢደገም ስሕተት ይሆናል። ቲ.ሲ.ፒ. የተባለው የመነጋገሪያ ሥርዓት በ1981 በአር.ኤፍ.ሲ. 793 ተደንግጎ፣ በ2022 ደግሞ በአር.ኤፍ.ሲ. 9293 ተሰብስቦና ተስተካክሎ እንደ ገና ቢጻፍም (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ድንጋጌው ከርነሉን ለሚጽፈው ሰው አስተውሎት የተወው ነገር ብዙ ነው። በተራ ፕሮግራም ላይ የሚገኝ ግድፈት ያንኑ ፕሮግራም ሲጥል፣ በከርነል ውስጥ የሚገኘው ግን ማሽኑን በሙሉ ይዞ ሊወድቅ ይችላልና፣ ፈተናውን ለሰው እጅና ትዝታ ብቻ መተው አይገባም።

የምናገረው በምሠራበት በሊኑክስ ከርነል ስለሚደረገው ነው። ሊኑክስ ኔትወርክ ኔምስፔስ በሚባለው ጥበብ አንዱን ማሽን የየራሳቸው አድራሻ፣ የየራሳቸው የመንገድ ሰንጠረዥና የየራሳቸው የኔትወርክ መሣሪያ ባላቸው ብዙ ዓለማት ስለሚከፍለው፣ መርማሪው እንዲህ ያሉ ሁለት ዓለማት ፈጥሮ፣ አንዱ ጫፉ በአንደኛው፣ ሌላው ጫፉ በሁለተኛው ውስጥ በሚሆን፣ ቬት በተባለ የሐሳብ ገመድ ያገናኛቸዋል፤ በገመዱም ላይ ኔተም የተባለውን መሣሪያ አቁሞ፣ እያንዳንዱን ፓኬት 50 ሚሊሰከንድ እንዲያቆይ፣ ከ100 ፓኬት አንዱን እንዲጥል ያዝዘዋል፤ በዚህም ዓይነት ውቅያኖስ የሚያቋርጥ መንገድ በአንድ ማሽን ሆድ ውስጥ ይሠራል። ፈተናው ሲጨርስ የሚመልሰው ቍጥር 0 ከሆነ አልፏል፣ 1 ከሆነ ወድቋል፣ 4 ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልገው ነገር ስላልተሟላ ተዘልሏል ማለት ነው። የተዘለለው ያለፈም የወደቀም ስላይደለ የማንንም ዓይን አይስብም፤ ከርነሉ ሲገነባ አንዲት ምርጫ ሳትካተት በመቅረቷ ብቻ፣ ወራት ሙሉ ያልሠራ ፈተና በመዝገቡ ላይ አንዳች ቀይ ምልክት ሳያሳይ ሊኖር ይችላልና፣ የተዘለሉትን ከወደቁት ባላነሰ ትጋት መከታተል ይገባል እላለሁ።

ጊዜን ራሱን ለመመርመር ከተሠሩት መሣሪያዎች ሁሉ እኔ የማስበልጠው፣ ኒል ካርድዌልና የጉግል ባልደረቦቹ በ2013 ያቀረቡትን ፓኬትድሪልን ነው። የፓኬትድሪል ፈተና አጭር ጽሑፍ ሲሆን፣ በየመስመሩ መጀመሪያ ሰዓት ይቀመጥና ቀጥሎ ፕሮግራሙ ከርነሉን የሚጠይቀው ነገር፣ ወይም ከውጭ የሚገባው ፓኬት፣ ወይም ከርነሉ ሊያወጣው የሚገባው ፓኬት ይጻፋል። ለምሳሌ ያህል፣ በዜሮ ሰዓት ፕሮግራሙ ፖርት ከፍቶ ማዳመጥ ይጀምራል፤ ግንኙነት የሚጠይቅ ፓኬት ይገባል፤ ከርነሉ ወዲያው ይመልሳል ተብሎ ይጠበቃል፤ ከ100 ሚሊሰከንድ በኋላ ማረጋገጫው ይደርሳል፤ ፕሮግራሙ 1000 ባይት ይልካል፤ ከዚያ በኋላ ከወዲያኛው ወገን ምንም እንዳይመጣ ይደረግና፣ ከርነሉ ጠብቆ ጠብቆ በተወሰነለት ቅጽበት ያንኑ ፓኬት ደግሞ መላኩ ይታያል። ቀድሞ ቢደግም መንገዱን ያጨናንቃል፤ ዘግይቶ ቢደግም ተጠቃሚውን በከንቱ ያስጠብቃል፤ ጨርሶ ባይደግም ግንኙነቱ ይሞታል። ከርነሉ ምንም የማይልክበትን ጊዜ ሳይቀር እንደ መልስ ቈጥሮ የሚመዝን እንዲህ ያለ ፈተና ስጽፍ፣ ድንጋጌውን በገጽ ላይ ሳነብ ያልታየኝ ትርጓሜ ይገለጥልኛል።

ነገር ግን ጊዜን የሚመዝን ሰው ሚዛኑ ራሱ ይንቀጠቀጥበታል። ከርነሉ ምንም ሳያጠፋ ማሽኑ በሌላ ሥራ ተይዞ ፈተናውን የሚያካሂደውን ፕሮግራም ለጥቂት ሚሊሰከንድ ቢያዘገየው፣ ትክክለኛው ሥራ እንደ ስሕተት ይመዘገባል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰዓት የይቅርታ ወሰን ይሰጠዋል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዕለትን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስን በ60 ካልዒት፣ እንዲሁም በየደረጃው በ60 እየከፈሉ እስከ ሳድሲት ሲያደርሱ፣ በአራተኛው ደረጃ ላይ ያለችው ራብዒት በእኛ ልክ ወደ 6.7 ሚሊሰከንድ ትሆናለች፤ እኛ የምንከራከርበት የይቅርታ ወሰንም ከዚህችው ብዙ የማይርቅ ነው። ወሰኑ ሲጠብ ንጹሑ ይኰነናል፤ ሲሰፋ በደለኛው ያመልጣል። አንዴ የሚያልፈው አንዴ የሚወድቀው፣ ባልደረቦቼ ፍሌኪ የሚሉት፣ እኔ ግን የሚያወላውል የምለው ፈተና የሚወለደው በዚህ መካከል ነው።

እንዲህ ያለው ፈተና ሁልጊዜ ከሚወድቀው ይልቅ ሥራውን የሚጎዳበት ምክንያት በስሌት ይታያል። ለሊኑክስ ኔትወርክ ክፍል የሚቀርቡት፣ ፓች የተባሉት የኮድ ለውጦች ከከርነሉ ጋራ ተዋሕደው ከተገነቡ በኋላ፣ ፈተናዎቹ በቨርችዋል ማሽኖች ውስጥ በየቀኑ ደጋግመው ይካሄዳሉ። 500 ፈተናዎች ኖረው እያንዳንዱ ከ500 ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ያለ በቂ ምክንያት ቢወድቅ፣ ከ100 ዙር በ63ቱ ያህል ቢያንስ አንድ ቀይ ምልክት ይታያል። ተመልካቹም ቀዩን ማየት ከለመደ በኋላ እውነተኛው ስሕተት በመጣ ጊዜ እንደ ወትሮው ነው ብሎ ያልፈዋል። ከዚህ ጭንቀት ለመውጣት በብዙ ሥፍራ የሚደረገው ፈተናውን እስኪያልፍ ድረስ ደጋግሞ ማስኬድ፣ ያም ባይሆን ወሰኑን ማስፋት ነው። እኔ ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የምቃወምበትንም ምክንያት ከኪዩቢክ ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳልኝ የለም።

ኪዩቢክ ማለት አንድ ግንኙነት መንገዱን ሳያጨናንቅ ማረጋገጫ ያልመጣለትን ስንት ፓኬት በመንገድ ላይ ሊያኖር እንደሚችል የሚወስን ስሌት ሲሆን፣ ሊኑክስ ከ2006 ጀምሮ ሌላ ካልታዘዘ በቀር የሚሠራው በእርሱ ነው። የስሌቱ መሠረት ጊዜ ነው፤ ፓኬት ከጠፋበት ወቅት ወዲህ ያለውን ጊዜ እየለካ፣ የሚፈቀደውን ልክ ቀድሞ ፓኬት ወደ ጠፋበት መጠን ሲቃረብ በዝግታ፣ ያን ካለፈ በኋላ ግን በጊዜው ኩብ እየፈጠነ ያሳድገዋል። በ2015 ጃና አየንጋር የተባለው ባለሙያ፣ ፕሮግራሙ ለጥቂት ሰከንድ ምንም ሳይልክ ቢቆይ የኪዩቢክ ሰዓት አብሮ እንደማይቆም አስተዋለ፤ ፕሮግራሙ ወደ ሥራው ሲመለስ ስሌቱ ያን ሁሉ የዕረፍት ጊዜ መንገዱ ሲፈተን እንደ ኖረበት ጊዜ ቈጥሮ፣ የሚፈቀደውን ልክ በአደገኛ ፍጥነት ያሳድገው ነበር። በዚህ ምክንያት ባይት አልጠፋም፣ ማሽንም አልወደቀም፤ ስለዚህ ግድፈቱ ስንትና ስንት ማሽን በሚሠራበት ኮድ ውስጥ ለዓመታት ተሸሽጎ ኖረ። ኤሪክ ዱማዜት የተባለው የከርነል ጸሐፊ ከባልደረቦቹ ጋራ ያቀረበው እርማት ቀላልና ምክንያታዊ ነበር፤ ይኸውም የስሌቱን መነሻ ሰዓት በዕረፍቱ ጊዜ ልክ ወደ ፊት መግፋት ነው።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ካርድዌል በፓኬትድሪል የጻፈው አንድ ፈተና ያወላውል ነበር። ነገሩ ሲመረመር፣ የዕረፍቱ ጊዜ የሚለካው ፓኬት ሲላክ፣ መነሻው ሰዓት ግን እንደ ወትሮው የሚመዘገበው ማረጋገጫ ሲደርስ በመሆኑ ሁለቱ ልኮች በትክክል አይገጥሙም ነበርና፣ መነሻው አንዳንድ ጊዜ ከአሁኑ ቅጽበት አልፎ ገና ወዳልመጣው ጊዜ ይገፋ ኖሯል፤ መነሻው ገና ያልመጣ ሰዓት በሆነ ጊዜም ስሌቱ ከልኩ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ኪዩቢክ እርማቱ ሊያጠፋው የተነሣበትን ያንኑ የፍጥነት በሽታ ይደግመዋል። ዱማዜት በዚያው በ2015 በሁለተኛ እርማት መነሻው ከአሁኑ ሰዓት እንዳያልፍ ከለከለ፤ ግድፈቱም የታወቀው ሲያወላውል በነበረው በካርድዌል ፈተና አማካይነት መሆኑን በእርማቱ ማስታወሻ ላይ አስፍሮ ተወ። ፈተናው ያወላወለው ከርነሉ ራሱ ስላወላወለ ነበር። የሰዓት ነገር ነው ብሎ ወሰኑን ያሰፋ ወይም እስኪያልፍ ድረስ ደጋግሞ ያስኬደ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ያየውን የተናገረውን ምስክር ቃሉ አልተስማማም ብሎ ከሸንጎ ማስወጣት ይሆንበት ነበር።

ይህን ስል የሚያወላውል ፈተና ሁሉ እውነተኛ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም በእጄ ካለፉት አብዛኞቹ ጥፋታቸው የራሳቸው ነበር። ከሁሉ የሚበዛው ጥፋት ጊዜን በግምት መሙላት ነው፤ ጸሐፊው ሰርቨሩን ያስነሣና አንድ ሰከንድ ተኝቶ ደንበኛውን ይልካል፤ ሰርቨሩ ግን በተጨናነቀ ማሽን ላይ ከአንድ ሰከንድ በኋላም ገና ፖርቱን ላይከፍት ይችላል። ሰዓት ከመገመት ይልቅ ፖርቱ መከፈቱን እየጠየቁ መጠበቅ ይህን በሽታ ከሥሩ ይነቅለዋል። ሁለተኛው የአይ.ፒ.ቪ.6 አድራሻ ነገር ነው፤ ከርነሉ አዲስ አድራሻ ሲሰጠው በገመዱ ላይ ያንኑ አድራሻ የያዘ ሌላ እንደሌለ አስቀድሞ ስለሚጠይቅ፣ አድራሻው ለአንድ ሰከንድ ያህል ጊዜያዊ ሆኖ ይቆያል፤ በዚያች ሰከንድ ውስጥ በአድራሻው መጠቀም የጀመረ ፈተና ይወድቃል፣ የዘገየው ያልፋል። ሁለት ብቻ ባሉበት የሐሳብ ገመድ ላይ ይህ ጥያቄ ምንም ስለማይጠቅም፣ አድራሻው ሲሰጥ ያለ ጥያቄ እንዲጸድቅ ማዘዝ በቂ ነው። ከዚህ ሌላ የቀድሞ ፈተና ሳያጸዳ የተወው ኔምስፔስ፣ ወይም ሁለት ፈተናዎች አንድ ፖርት ሲሻሙ የሚመጣ ጠብ አለ። እነዚህ ሁሉ ተመርምረው ከተወገዱ በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ግን መዝገብ የሚገባው እርሱ ነው። ያን ጊዜ ፈተናውን እስኪያልፍ ሳይሆን እስኪወድቅ ድረስ እደጋግመዋለሁ፤ ማሽኑን ሆን ብዬ በሌላ ሥራ አስጨንቄ፣ በሁለቱም ጫፍ ፓኬቶቹን በቲሲፒደምፕ እየቀዳሁ፣ ያለፈበትን ዙርና የወደቀበትን ዙር ጎን ለጎን አኑሬ መጀመሪያ የተለያዩበትን ፓኬት እፈልጋለሁ። ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ቢሆንም፣ በሙያችን ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ደስታ የሚሰጥ ሌላ ክፍል አላገኘሁም።

የሚያወላውለውን ስሕተት እርግጠኛ የሚያደርጉ መሣሪያዎችም አሉ። በ2015 ወደ ከርነሉ የገባው ካሳን ለእያንዳንዱ 8 ባይት ሜሞሪ አንድ የጥላ ባይት እየያዘ፣ የተለቀቀውንም ሜሞሪ ቶሎ ለሌላ እንዳይሰጥ ለይቶ እያቆየ፣ ከተለቀቀ በኋላ የሚነካውን ወዲያው ይከሳል። ያለ ካሳን እንዲህ ያለው ስሕተት እንደ ዕድሉ ነው፤ በተለቀቀው ቦታ ላይ የቀድሞው ጽሑፍ ሳይደመሰስ ከቆየ ምንም አይሆንም፣ ሌላ ከተጻፈበት ግን ማሽኑ ይወድቃል። በ2017 አንድሬይ ኮኖቫሎቭ ሲዝካለር በተባለው፣ የከርነሉን ጥሪዎች እየቀላቀለ ሰው ያላሰበውን ቅንብር በሚሞክር ፕሮግራም አማካይነት፣ ዲ.ሲ.ሲ.ፒ. በተባለው የኔትወርክ ፕሮቶኮል ውስጥ አንዱን ሜሞሪ ሁለት ጊዜ የሚለቅ ግድፈት አገኘ፤ ግድፈቱም ፕሮቶኮሉ ወደ ሊኑክስ ከገባበት ከ2005 ጀምሮ የነበረ ሆኖ ተገኘ።

ካሳን ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ከርነሉን እጅግ ያዘገየዋል። ከ2024 ጀምሮ የፓኬትድሪል ፈተናዎች ከከርነሉ ጋራ አብረው ሲቀመጡ ይህ ጥያቄ ሆነ፤ በዘገምተኛው ከርነል ላይ ሰዓታቸውን ስተው የሚወድቁትን ምን እናድርጋቸው? የተወሰደው መንገድ ማሽኑ ዘገምተኛ መሆኑ ለፈተናው እንዲነገረው፣ ፈተናው ሳይቀር እንዲካሄድ፣ በሰዓት ምክንያት ቢወድቅ ግን የሚጠበቅ ውድቀት ተብሎ እንዲመዘገብ ነው። ጊዜን ራሱን የሐሳብ ማድረግም ይቻላል፤ ከርነሉን እንደ ተራ ፕሮግራም የሚያስኬደው ዩዘር ሞድ ሊኑክስ፣ ሁሉም ተኝቶ ሲጠብቅ ሰዓቱን በአንድ ጊዜ ወደ ሚቀጥለው ጉዳይ የሚያዘልልበት ዘዴ ስላለው፣ ማሽኑ ቢፈጥንም ቢዘገይም የፈተናው ሰዓት አይናወጥም። ነገር ግን ሁለት ሥራዎች በሁለት ፕሮሰሰር ላይ እውነት ሲሽቀዳደሙ የሚወለደው ግድፈት በዚያ ጸጥ ባለ ጊዜ ውስጥ ላይታይ ይችላልና፣ ይህን ዘዴ ከእውነተኛው ሰዓት ጋራ እንጂ በእርሱ ፋንታ አልጠቀምበትም። ለካሳን ከርነልም የማደርገው ይህንኑ ነው፤ ስለ ሜሞሪ የሚለውን አንድ ጊዜ ብቻ ቢናገርም ተቀብዬ እመዘግባለሁ፤ ስለ ሰዓት የሚለውን ግን ለብቻው በሌላ ገጽ አኑሬ፣ ያው ፈተና ካሳን በሌለበት ከርነል ላይ በዚያው መስመር ባወላወለ ጊዜ ሁለቱን አስተያያለሁ።