የተጠናው ከተማና የተቀመጠው ጥናት

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ለጥናት ከሚመርጧቸው ቦታዎች መካከል ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ይገኛሉ። ለዚህም የከተሞቹ ቅርበት፣ የፋብሪካዎች መስፋፋትና የገበሬው ከመሬት መነሣት ምክንያት ሆነዋል። ዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ጽሑፎችን በኤሌክትሮኒክ ቋት ማኖሩ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ማከማቸትና ዕውቀትን ማስተዳደር አንድ አይደሉም፤ ጎተራ ስለሞላ ብቻ ማዕድ አይሞላም።

ጉድለቱ በሦስት መልክ ይታያል። አንደኛው የስም ነው። ከተሞቹ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ የቀደሙት ጥናቶች በዱሮው ስም ቀርተዋል። ሁለቱን ስሞች የሚያገናኝ መዝገብ ከሌለ «ሸገር» ብሎ የሚፈልግ የፕላን ባለሙያ የቀድሞውን ጥናት አያገኝም። ሁለተኛው የቋንቋ ነው። አብዛኛው ጥናት በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የከተሞቹ የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ መጠይቁን የሞላው መምህር ውጤቱን በሚሠራበት ቋንቋ አያነብም። ሦስተኛው የአቀራረብ ነው። የዓይነ ሥውራን ት/ቤት በሚገኝባት በሰበታ፣ ገጹ በምስል ብቻ የተቀዳ ጽሑፍ በድምፅ አንባቢ ፕሮግራም ስለማይነበብ ለዓይነ ሥውሩ መምህር የተዘጋ መጽሐፍ ነው።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከተቋማቱ ተግባራት ይቆጥራል። በመሆኑም እያንዳንዱ ጽሑፍ ከመጽደቁ በፊት የሁለት ገጽ ማጠቃለያ በኦሮምኛና በአማርኛ ተዘጋጅቶ ለተጠናው ት/ቤትና ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሊላክ ይገባል። ወጪው ጥቂት ነው። ይህ ካልሆነ ግን ተከታዩ ተማሪ ያንኑ መጠይቅ ይዞ ያንኑ በር ያንኳኳል።