ትንፋሹን አዳምጡ

ትልቅ ባለ ሁለት ምት የናፍጣ ሞተር አየሩን በራሱ አይስብም። ፒስተኑ ታች በሚደርስባት ቅጽበት ጭሱ ወጥቶ ንጹሕ አየር መግባት አለበት፤ ይህን የሚያደርግለት ወናፍ ከሌለው አይነሳም። ስለዚህ «በጭሱ ኃይል የሚዞረው ቱርቦ ይሻላል ወይስ ሞተሩ ራሱ የሚያዞረው ሱፐርቻርጀር?» ከማለት በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ጭሱ ገና ጉልበት ሳያገኝ፣ ሞተሩ ሲነሳ ማን ይተነፍስለታል?

ሁለቱን ጎን ለጎን መመዘን ለሚፈልግ ከአሜሪካ የጭነት ባቡሮች የተሻለ ቦታ አላውቅም። ያኔ የጄኔራል ሞተርስ የሎኮሞቲቭ ክፍል የነበረው ኢኤምዲ ጂፒ40 የተባለውን ሎኮሞቲቭ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ጂፒ38ን ደግሞ በ1966 አወጣ። በሁለቱም ሆድ ውስጥ ያለው 645 የተባለው ባለ 16 ሲሊንደር ሞተር ነው። ጂፒ38 በሩትስ ወናፍ 2,000፣ ጂፒ40 በቱርቦ 3,000 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል።

ቁጥሩን አይቶ ጂፒ38ን የሚንቅ ሰው ቸኩሏል። በሩትሱ ውስጥ ሁለት ባለ ክንፍ ዘንጎች ሳይነካኩ እርስ በርስ ተጠላልፈው ይዞራሉ። ክንፎቹ ላይ የመፋተግ ጭረት ካለ ኩሽኔታው ወይም ጊሩ ተበልቷል፤ ዘይት ካረጠባቸው ደግሞ ጎሚኒው ያፈሳል። ንጹሕ ከሆኑ የሠራው እጅ የሚከበር ነው። ይህ ወናፍ ጉልበቱን ከራሱ ከሞተሩ ስለሚወስድ ናፍጣ ያስበላል። ሥራውም በአብዛኛው ጭሱን ጠርጎ ማስወጣት ብቻ ስለሆነ ሱፐርቻርጀር የሚለው ስም ይበዛበታል። ግን ለጥገና ቀላል ነው፤ ብዙ የባቡር ድርጅቶችም ለአጭር መስመር እሱን የመረጡት ለዚህ ነው።

እኔን የሚማርከኝ ግን የጂፒ40 ቱርቦ ነው። ሞተሩ ሲነሳና በዝግታ ሲሠራ ቱርቦውን የሚያዞረው ከክራንክ ሻፍት የሚመጣ ጊር ነው። ጭነቱ ሲጨምር የጭሱ ኃይል ከጊሩ ይቀድማል፤ ያን ጊዜ በመካከላቸው ያለው ፍሪሲዮን ይለቅና ቱርቦው በጭሱ ብቻ ይሮጣል። አንድ ዕቃ ሁለት ጌታ ያገለግላል፤ ርክክቡም ያለ ማንም እጅ ይፈጸማል። እንዲህ ያለ ብልሃት ሳይ ንድፉን ያሰበውን ሰው አመሰግናለሁ።

ጥሩነቱን የምለየው በዚሁ ርክክብ ላይ ነው። ነጂው ጉልበቱን ደረጃ በደረጃ ሲጨምር ፉጨቱ ሳይቆራረጥ መውጣት አለበት። መጀመሪያ ላይ ጥቁር ጭስ ቡን ቢል አልከፋም፤ ወዲያው ካልጠራ ግን አየሩ ለናፍጣው አልበቃም። ፉጨቱ መሐል ላይ ከተንገዳገደ ፍሪሲዮኑን ተጠራጠሩ።

የዲትሮይት ዲዝል 71 ሞተሮች ሌላ መንገድ ያዙ፦ ቱርቦ ባላቸው ዓይነቶች አየሩ ከቱርቦው ወጥቶ በሩትሱ በኩል ወደ ሲሊንደር ይገባል። ትልልቆቹ የመርከብ ሞተሮች ደግሞ ዝቅተኛ ጭነት ላይ በኤሌክትሪክ ወናፍ ይታገዛሉ። ሁሉም ያንኑ የመነሻ ክፍተት ሲሞሉ ነው።

ጂፒ40 ከጠፋ በኋላም ቶሎ አትሂዱ። የጋለው ቱርቦ ኩሽኔታዎች እንዳይቃጠሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ዘይት ማመላለሱን ይቀጥላል። ሁሉ ነገር ጸጥ ሲል ያችን ቀጭን ድምፅ ካልሰማችሁ ዋና መካኒኩን ጥሩት።